የባለሱቆች ዕቁብ እስከ መጨረሻው ዕጣ እንዲዘልቅ፦ ደረጃ በደረጃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የገባሁበት የሰፈር ዕቁብ በ7ኛው ሳምንት ፈረሰ። ሦስተኛውን ዕጣ የበላው ሰው ሱቁን ቆልፎ ጠፋ። ዋስ ነበረው። ዋሱ ግን «እኔ እኮ በቃል ነው ያልኩት» አለ። እውነቱን ነው፤ አንድም ቦታ አልፈረመም። በቀጣዩ ሳምንት አራት ሰው ሳይጥል ቀረ። ከዚያ ዘጠኝ። ከዚያ ዕጣው ቀርቶ ሰላምታውም ቀረ።

ዕቁቡን ያፈረሰው ሰውዬው ብቻ አይመስለኝም። ገና ስንጀምር «እኛ እኮ ጎረቤት ነን» ብለን የዘለልነው ወረቀት ነው።

ይኼ መመሪያ በአንድ መንገድ ወይም በአንድ ገበያ ላይ ለሚሠሩ ባለሱቆች ነው። ለምሳሌ 20 ዕጣ ያለው፣ በሳምንት 2,000 ብር የሚጣልበት፣ ደራሹ 40,000 ብር የሚወስድበት ዕቁብ እይዛለሁ። ቁጥሩን በአቅማችሁ ቀይሩት። ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ። ገጹ የሚገነጠል ደብተር አይሆንም።
- የእያንዳንዱ አባል መታወቂያ (የፋይዳ ወይም የቀበሌ) እና የንግድ ፈቃድ ቅጂ።
- አንድ ገጽ ደንብና የዋስትና ቅጽ። ሁለቱንም ከታች አሳያለሁ።
- በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ ገንዘብ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ።

እነዚህ ሳይሟሉ «እስከዚያው እንጀምር» የሚል ሰው አይጠፋም። እምቢ በሉት።

ደረጃ 1፦ ሰው ምረጡ

ሃያ ሰው በአንድ ቀን አትሰብስቡ። በደንብ የምታውቋቸውን አምስት ባለሱቆች ያዙ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሰው ያምጡ። ሰው ያመጣ ሰው ለዚያ ሰው ዋስ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ይኼን ሲሰሙ «የአጎቴ ልጅ አለ፣ ይግባ» የሚለው ነገር ራሱ ይቀንሳል።

ከዚያ ሱቃቸው ድረስ ሂዱ። በስልክ አይሆንም። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ጎራ በሉ። መደርደሪያውን እዩ። የፊቱ ረድፍ ብቻ ተሞልቶ ከኋላው ባዶ ከሆነ፣ ወይም አቧራ የጠጣ ዕቃ በዝቶ ቶሎ የሚሸጠው ዘይትና ስኳር ከጠፋ፣ ባለሱቁ ዕቃ መተካት አቅቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ዕቁብ የሚገባው ለመቆጠብ ላይሆን ይችላል። ከሌላ ቦታ ያለበትን ዕዳ ለመዝጋት ሊሆን ይችላል። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ዕጣው ቀድሞ ቢደርሰው ግን ገንዘቡ በሩን አልፎ ይሄዳል።

አራት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. ሱቁ የኪራይ ነው ወይ? ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው? ውሉ ዕቁቡ ሳያልቅ የሚያልቅ ከሆነ ዕጣው ከመጨረሻዎቹ መሆን አለበት።
2. ሌላ ስንት ዕቁብ አለህ? ከሁለት በላይ ካለው ይቅር።
3. ከዚህ ዕቁብ ውጭ የማን ዋስ ነህ? ውጭ ለሦስት ሰው ዋስ የሆነ ሰው ለማንም ዋስ አይደለም።
4. በዓመት ውስጥ ገበያህ የሚሞተው መቼ ነው?

አራተኛውን ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገበያ የለውም። ጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠው መስከረም ላይ ፋታ አያገኝም፣ ግንቦት ላይ ዝንብ ያባርራል። ልብስ ሰፊው ከበዓል በፊት እንቅልፍ የለውም፣ ከበዓል በኋላ ሥራ የለውም። አባላቱ የተለያየ ሥራ ያላቸው ከሆነ ሁሉም በአንድ ሳምንት አይቸገሩም። ሃያውም ልኳንዳ ከሆኑ ግን ጾም ውስጥ የሚገባ ዕቁብ አትጀምሩ።

ደረጃ 2፦ መጠንና ጊዜ ወስኑ

የሳምንቱን ክፍያ በጥሩ ሳምንት አትለኩት። እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ፦ «አምና በጣም በከፋው ሳምንት፣ ዕቃ ከተካህና ኪራይ ካስቀመጥክ በኋላ ስንት ተረፈህ?» የሃያውን መልስ ጻፉ። ከሁሉም ዝቅተኛው ቁጥር የሳምንቱ ክፍያ ነው። አቅም ያለው ሁለት ዕጣ ይውሰድ፤ ከሁለት በላይ አትፍቀዱ። አቅም የሌለው ከሌላ ሰው ጋር ግማሽ ግማሽ ይግባ። ግማሽ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ተጠያቂ የሚሆነው አንድ ስም ነው። የሁለቱ ጠብ የዕቁቡ ጠብ እንዳይሆን።

20 ሳምንት ማለት አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከጀመራችሁ የካቲት አጋማሽ ገደማ ትጨርሳላችሁ። ይኼ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ገናና ጥምቀት ገበያውን ያሞቁታል። ሐምሌ ግብር፣ ነሐሴና መስከረም ደግሞ የልጆች ምዝገባና ዩኒፎርም አለ። የዕቁቡ መጨረሻ እዚያ ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ቀድሞ የበላ ሰው የሚደክመው መጨረሻ ላይ ነውና። ዐቢይ ጾም ብዙውን ጊዜ በየካቲት ስለሚገባ ልኳንዳ ያላቸው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ክፍያ ከጥር ጀምረው ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ አንድ ገጽ ደንብ ጻፉ

ደንብ ሲረዝም ማንም አያነበውም። ቢያንስ እነዚህ ይኑሩበት፦

- የክፍያ ቀንና ሰዓት። «እሑድ» አትበሉ፤ «እሑድ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት» በሉ።
- በቀን 100 ብር የመዘግየት ቅጣት።
- በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ዕጣ 50 ብር መጠባበቂያ። በሳምንት 1,000 ብር ይሆናል። በሁለት ሳምንት የአንድ ሰው ክፍያ ቢጎድል የሚሸፍን ገንዘብ ተቀመጠ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ለየሰው 1,000 ብሩ ይመለስለታል።
- ያልጣለ ሰው የዚያን ሳምንት ዕጣ ውስጥ አይገባም።
- ዋስ ያላቀረበ ደራሽ ገንዘቡን አይወስድም። በሦስት ቀን ካላቀረበ ዕጣው እንደገና ይወጣል፣ የእሱ ወረቀት ይመለሳል።
- ሰብሳቢው (ዳኛው) በሁሉም ስም ገንዘብ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

ሃያውም ይፈርሙበት። ለእያንዳንዱ ቅጂ ስጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያውን ዕጣ ለዳኛው መስጠት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። አልቃወምም፤ ሰውዬው እሑዱን ሁሉ ይሠዋል። ግን እሱም እንደማንኛውም ሰው ዋስ ይጥራ። ዳኛው ያለ ዋስ ከበላ ሁለተኛውን ደራሽ «ዋስ አምጣ» የሚልበት አፍ የለውም።

ደረጃ 4፦ ዋስትናውን በትክክል አስፈርሙ

ብዙ ዕቁብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ በሉ።

*ስንት ብር ነው ዋስትናው?* ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቀሩ ሳምንታት በሳምንቱ ክፍያ ይባዛል። በ3ኛው ሳምንት የደረሰው ሰው እስካሁን የጣለው 6,000 ብር ነው። 17 ሳምንት ይቀረዋል። ስለዚህ 34,000 ብር ዕዳ አለበት። በ15ኛው ሳምንት የደረሰው ግን የሚቀርበት 10,000 ብር ብቻ ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዋስ መጠየቅ ልክ አይደለም። እስከ 10ኛው ሳምንት ሁለት ዋስ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዋስ ጠይቁ።

*ማን ዋስ ይሁን?* ከሁሉም የሚሻለው ገና ያልደረሰው የዕቁቡ አባል ነው። ጓደኛው ቢጠፋ የእሱ ዕጣ ሲወጣ ይቀነስበታል፤ የትም አይሄድም። ይኼ ዋስ ራሱ ሲደርሰው ግን ቆም በሉ። ወይ የተጠየቀበትን ያህል ከገንዘቡ ይያዝ፣ ወይ በቦታው ሌላ ዋስ ይተካ።

*እርስ በርስ ዋስ መሆን ክልክል ነው።* አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለእሱ ዋስ ከሆኑ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ሦስት ሰው በቀለበት ዋስ ሲሆኑም ያው ነው። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ የሃያውን ስም ጻፉና ከዋስ ወደ ደራሽ ቀስት ሣሉ። ቀስቱ ዞሮ ከተገናኘ አፍርሱት።

*ወረቀቱ።* የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ዋስትና ጥብቅ ነው። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1725)። ሁለት ምስክር ሊፈርምበት ይገባል (ቁጥር 1727)። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። ይኼ የመጨረሻው ነው ሰው የሚስተው። «ለሚጎድለው ሁሉ ዋስ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ፍርድ ቤት ሲደርስ በነፃ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ጻፉት፦

«እኔ (ሙሉ ስም) አቶ/ወ/ሮ (የደራሹ ስም) ከዚህ ዕቁብ ለወሰዱት 40,000 ብር፣ እስከ መጨረሻው ዕጣ የሚቀርባቸውን ክፍያ፣ ቅጣትና መጠባበቂያ ሳይከፍሉ ቢቀሩ እስከ 36,000 (ሠላሳ ስድስት ሺህ) ብር ድረስ ከእሳቸው ጋር በአንድነትና በነጠላ ዋስ ሆኛለሁ። እሳቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ሳያስፈልግ እከፍላለሁ።»

ከ34,000 ወደ 36,000 ከፍ ያደረግኩት ቅጣቱና መጠባበቂያው እንዲካተት ነው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን አትተዉ። ያለ እሱ ዋሱ «መጀመሪያ ባለዕዳውን ጠይቁ» ብሎ ሊያቆማችሁ ይችላል።

*ባለትዳር ዋስ።* በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ይኼ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። ክልል ውስጥ ከሆናችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ እዩ። ለማንኛውም የትዳር ጓደኛውን አስፈርሙ። «ማታ ይዣት እመጣለሁ» ካላችሁ ገንዘቡም ማታ ይሰጥ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

ጥሬ ገንዘብ በማንም ቤት አይደር። ሁሉም ወደ ዕቁቡ ሂሳብ በሞባይል ያስገባ። ለደራሹም ከዚያው ሂሳብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። እሑድ ባንክ ከተዘጋ ሰኞ ጠዋት ይሁን፤ ማንም አይሞትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። የተሠራ የክፍያ መልዕክት መላክ ቀላል ነው። ገንዘብ ያዡ የሰዉን ስልክ አይይ፤ የዕቁቡን ሂሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ይይ። ከዚያ በኋላ ብቻ መዝገቡ ላይ ምልክት ያድርግ። ክፍያ ሲልኩ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የሱቁን ስምና የሳምንቱን ቁጥር ይጻፉ፤ «የማን ነው ይኼ 2,050?» የሚለው የማታ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው አይሁኑ። ወንድማማችም አይሁኑ።

ደረጃ 6፦ የዕጣ ቀን

1. 8 ሰዓት ሲሞላ ጸሐፊው የከፈሉትን ስም ጮክ ብሎ ያንብብ።
2. ወረቀቶቹን ከአንድ ገጽ፣ በአንድ መቀስ፣ በእኩል ቁረጡ። በአንድ እስክሪብቶ ጻፉ። ሁሉንም አንድ ሰው ይጠቅልል።
3. ከመጨመራቸው በፊት ቁጠሩ። የቀረው ሰው 17 ከሆነ ወረቀቱ 17 ነው።
4. በረጅም ኩባያ ወይም ቆብ ውስጥ አድርጋችሁ ከራስ በላይ ከፍ አድርጉ። ከአባላቱ ያልሆነ ሰው፣ ቢቻል የጎረቤት ልጅ፣ ያውጣ።
5. ከወጣ በኋላ የቀሩትን ወረቀቶች በሙሉ ከፍታችሁ አሳዩ። አንድ ስም ሁለቴ ተጽፎ ከሆነ እዚያው ይታያል።

አምስተኛውን የሚያደርግ ዕቁብ ብዙ አላየሁም። አንድ ጊዜ የቡና ሲኒ ውስጥ ከነበሩት ወረቀቶች አንዱ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ወፍሮ አየሁት። ልጁ እጁን ሲከት መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነበር። ተንኮል ይሁን አጋጣሚ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥርጣሬው ግን ከዚያ በኋላ ለስምንት ሳምንት አብሮን ቡና ጠጣ።

ሁለት ሰዎች ዕጣ መቀያየር ከፈለጉ በመዝገቡ ላይ ፈርመው ይቀያየሩ። ልኳንዳው ከጾም በፊት፣ ጽሕፈት መሣሪያው ከመስከረም በፊት ቢያገኙ የሁሉም ክፍያ ይቀላል። የራስን ዕጣ በቅናሽ መሸጥ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። 40,000ውን በ35,000 የሸጠ ሰው ጭንቅ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁን ጎብኙት።

ደረጃ 7፦ ከዕጣው በኋላ ሃያ ደቂቃ ቁጭ በሉ

ለእኔ የዕቁቡ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ሃያ ባለሱቅ በየሳምንቱ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ዕጣውን አይቶ ግን ይበተናል። አትበተኑ። ቡናው ከቅጣት ገንዘቡ ይፈላ። ሦስት ጥያቄ ብቻ አንሱ፦ በዚህ ሳምንት ዋጋው የተለወጠ ዕቃ ምንድነው? እኔ ጋ ተጠይቆ ያጣሁትን ማን ይሸጣል? በዱቤ ወስዶ የጠፋ ደንበኛ ማን ነው? የሦስተኛውን መልስ እዚያው ተዉት፤ ቴሌግራም ላይ የሰው ስም አትለጥፉ። ጠብም ክስም ያመጣል።

ደረጃ 8፦ የጋራ ግዢ፣ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ

መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ክፍያ ሳይዘገይ ይለፍ። ከዚያ በፊት መርካቶ አብራችሁ አትውረዱ።

1. አንድ ዕቃ ብቻ ምረጡ። የማይበላሽ፣ ሁሉም የሚሸጠው። ሳሙና ጥሩ ጀማሪ ነው። ቲማቲም አይደለም።
2. ቅድሚያ ክፍያ። ያልከፈለ ሰው ትዕዛዝ አይመዘገብም። «ሲመጣ እከፍላለሁ» የለም። የዕቁቡን ገንዘብ አትንኩ፤ ለብቻው ይሁን።
3. ሁለት ሰው ይሂድ፣ ሦስት ጅምላ ሻጭ ይጠይቅ። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ብዛቱን ተናገሩ። «60 ካርቶን» ስትሉ የሚሰጣችሁ ዋጋና «ስንት ነው?» ስትሉ የሚሰጣችሁ ዋጋ አንድ አይደለም።
4. ደረሰኝ ለየሱቁ በየቲኑ (በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) ይቆረጥ። ሰባት ሱቅ አብሮ ገዝቶ ደረሰኙ በአንድ ሰው ስም ከወጣ የስድስቱ ወጪ ማስረጃ የለውም። ስሙ ያለበትም ሰው ያልሸጠውን ዕቃ ሸጠሃል የሚል ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ሻጩ ለየብቻ አልቆርጥም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።
5. መጫኛን በካርቶን ክፈሉ፣ በሰው አይደለም። ለ60 ካርቶን መኪናው 1,800 ብር ካስከፈለ በካርቶን 30 ብር ነው። ሁለት ካርቶን የወሰደ 60 ብር ይክፈል። በሰው ስትካፈሉ ትንሹ ሱቅ ለትልቁ ሱቅ መጫኛ ይከፍላል፤ በሁለተኛው ዙር አይመጣም።
6. እየቆጠራችሁ አውርዱ። የጎደለ ወይም የተቀደደ ካርቶን ሹፌሩ ሳይሄድ መመዝገብ አለበት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*አንድ ሰው ዘገየ።* በዚያው ቀን ማታ ዳኛው ሱቁ ይሂድ። ጎደሎው ከመጠባበቂያው ይሸፈን፤ ደራሹ ሙሉውን ያግኝ። ቅጣቱን ግን አትማሩ። ለአንዱ ካለፋችሁ በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሰው ምሕረት ይጠይቃል። በእውነት የተቸገረ ከሆነ ቅጣቱን ራሱ ይክፈል፣ እናንተ ደግሞ በግላችሁ አዋጡለት። ሁለቱን አታደባልቁ።

*ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ቀረ፣ ያልደረሰው ነው።* ዕጣው ወደ መጨረሻው ይዛወር። መቀጠል ካልቻለ ቦታውን የሚገዛ ሰው ፈልጉለት። ካልተገኘ የጣለውን ዕቁቡ ሲያልቅ ይወስዳል፤ መሃል ላይ አይሰጥም።

*በልቶ ጠፋ።* አትጠብቁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ዋሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የተቀበለበትን ፊርማ ያዙ። ዋሱ በአንዴ መክፈል ካቃተው በየሳምንቱ የጠፋውን ሰው ክፍያ ይቀጥል፤ ብዙ ጊዜ ይኼ ይሠራል። ሽማግሌ ላኩ፣ ግን ቀነ ገደብ ስጡ፦ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ነው። የዕቁቡ ዳኛ ሃያውን ወክሎ እንዲቆም ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልና ስጡት፤ ደንቡ ላይ የተጻፈው ብቻ አይበቃም። ዕጣውን ግን አታቁሙ። አንድ እሑድ ከዘለላችሁ ሁሉም በየፊናው ሌባ ፍለጋ ይሄዳል።

*አባል አረፈ።* ካልደረሰው፣ የጣለውን ለወራሾቹ መስጠት ወይም ልጁ ወይም ባለቤቱ እንዲቀጥሉ መጠየቅ። ከደረሰው፣ ዋሱ አለ። ቢያንስ አርባው እስኪወጣ መጠባበቂያው ይሸፍን፤ ልቅሶ ቤት ስለ ዕቁብ አይወራም።

*ገንዘብ ያዡ ላይ ጥርጣሬ መጣ።* ሹክሹክታ አትፍቀዱ። በዚያው ሳምንት የባንክ መግለጫ ይውጣ፣ ከመዝገቡ ጋር ሁለት ሌላ አባላት ያመሳክሩ። ንጹሕ ከሆነ በጉባኤ ይነገር።

መዝጊያ ቀን

በ20ኛው እሑድ ዕጣ የለም፤ የቀረው ሰው ይታወቃል። ገንዘቡ ይሰጠው። መጠባበቂያው ለየሰው ይመለስ፣ የቅጣቱ ቀሪ በጉባኤ ይወሰን። ከዚያ የዋስትና ቅጾቹን አውጡና እያንዳንዱን ለፈረመው ሰው በእጁ ስጡት፤ እዚያው ይቅደደው። መዝገቡን ግን አትጣሉ። ለሁለተኛው ዙር ማንን ማስገባት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው፦ ከስሙ አጠገብ የቅጣት ምልክት የሌለበት።